ከአዲስ አበባ ለቅዳሜና እሑድ ባሕር፦ የስኖርክሊንግና የዳይቪንግ ደሴት አመራረጥ

የአዲስ አበባ ሰው የዳይቪንግ ደሴት ሲመርጥ መጀመሪያ ማየት ያለበት የመመለሻ ትኬቱን ነው። ከፎቶው በፊት፣ ከሆቴሉ ዋጋም በፊት። ካዛንቺስ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስለ ባሕር ስናወራ ጓደኞቼ ስለ አሸዋው ይጠይቁኛል፤ ስለ ዓሣው ይጠይቁኛል። ስለ ከተማችን ከፍታ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

ከዚያ በፊት ሁለቱን ነገር እንለይ። ስኖርክሊንግ ማለት ማስክ አድርጎ፣ የመተንፈሻ ቱቦ በአፍ ይዞ፣ ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ ላዩ ላይ መንሳፈፍ ነው። ዳይቪንግ የታመቀ አየር ያለበት ሲሊንደር አዝሎ ወደ ታች መውረድ ነው። ቀጥሎ ያለው የሰዓት ቆጠራ የሚመለከተው ዳይቪንግን ነው። ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ዓሣ ሲያይ የዋለ ሰው በዚያው ማታ አውሮፕላን ቢሳፈር ችግር የለውም።

1. ከመመለሻው ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ

10 ሜትር ስንጠልቅ ግፊቱ ውኃው ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል። በዚያ ግፊት ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ናይትሮጅን ወደ ደማችንና ወደ ሥጋችን ይሟሟል። ቀስ ብለን ከወጣን በትንፋሽ ይወጣል። ሁሉም ግን ወዲያው አያልቅም፤ ለሰዓታት ይቆያል። ሳያልቅ ግፊቱ ከቀነሰስ? የአምቦ ውኃ ክዳን ሲከፈት የሚሆነውን አስቡት። ዝም ብሎ የነበረው ውኃ አረፋ ይሆናል። ይህ አረፋ ሰውነት ውስጥ ሲፈጠር መገጣጠሚያን ክፉኛ ያሳምማል፣ ያደነዝዛል፣ ሲብስም ሽባ ያደርጋል።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ላይ እንዳለው ሊሆን ይችላል። ከዛንዚባር ተነሥቶ ሞምባሳ የሚወርድ ሰው በረራው ሲያልቅ ተመልሶ ባሕር ዳር ነው። እኛስ? ቦሌ ኤርፖርት ራሱ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ለሰውነታችን የሚለወጥ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፒያሳ ቤታችሁ ስትገቡ ደግሞ ከቦሌም ከፍ ትላላችሁ። በግፊት በኩል ካየነው፣ አዲስ አበባ ገብቶ ማደር ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ እንደማደር ነው።

ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት መነሻ የሚሆን ቁጥር አውጥቷል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆይ። በአንድ ቀን ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት። ሲወጣ መንገድ ላይ ግዴታ እየቆመ ናይትሮጅን ማስወጣት ያስፈለገው ደግሞ ከ18 ሰዓት ብዙ የሚበልጥ ጊዜ። ቁጥሩ የተሠራው እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ላለ ከፍታ ነው። እንጦጦ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በተመለሳችሁ ማግስት እንጦጦ ሩጫ የለም።

በተግባር እንዲህ አድርጉት። ዓርብ ሂዱ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጥለቁና ቢዘገይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጨርሱ። 18 ሰዓቱ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይሞላል። እኔ ግን 24 ሰዓት ሳይሞላ አልሳፈርም፤ ለእናንተም የምመክረው ይህንኑ ነው። እሑድ ሲሊንደር አትንኩ። ስኖርክሊንግ፣ ዋና፣ ጥላ ሥር መተኛት። ማታ ወይም ሰኞ ተመለሱ። መኪና ወይም ባቡር ከፍታውን አይቀይረውም። ከጂቡቲ በየብስ የሚመለስ ሰውም ተራራውን መውጣቱ አይቀርም።

አንድ ጊዜ እሑድ ጠዋት አንድ አስጠላቂ «ማታ አይደል የምትበሩት? አንድ ጊዜ እንውረድ፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። ክፋት አልነበረውም። ግን አዲስ አበባ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለች አያውቅም ነበር። ይህን ማወቅ የእኛ ሥራ ነው።

እንግዲህ ደሴት ስትመርጡ ጥያቄው ይህ ይሆናል፦ የበረራው ሰዓት አንድ ሙሉ የዳይቪንግ ቀንና አንድ ሙሉ የማረፊያ ቀን ይሰጠኛል ወይ? ካልሰጠ ወይ ቀን ጨምሩ፣ ወይ ስኖርክሊንግ ብቻ ወደሚበቃበት ቦታ ሂዱ።

2. አብሯችሁ የሚሄደው ማን ነው?

ዋና የማይችል ሰው ካለ ዕቅዱ የሚሠራው ለእሱ ነው። ላይፍ ጃኬት ለብሶ ጥልቀት በሌለው ጸጥ ያለ ውኃ ላይ መንሳፈፍ ይችላል፤ ጅረት የሚነዳው ውኃ ውስጥ ግን አይግባ።

ፈቃድ የሌለው ሰው ዳይቪንግን መሞከር ይችላል። አስተማሪ አጠገቡ ሆኖ፣ ከ12 ሜትር ሳያልፍ። እስከ 18 ሜትር የሚያስጠልቀው የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ 3 ወይም 4 ቀን ይፈልጋል። ለአንድ ቅዳሜና እሑድ አይበቃም። የንድፈ ሐሳቡን ክፍል አዲስ አበባ ሆናችሁ በኢንተርኔት ከጨረሳችሁ ግን ረዘም ባለ የበዓል ዕረፍት ይደርሳል።

አስም ወይም የልብ ችግር ካለ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። እርጉዝ ሴት አትጠልቅም። ጉንፋን የያዘው ሰውም አይጠልቅም። የተደፈነ አፍንጫ ጆሮን ክፉኛ ይጎዳል።

3. በዓላችሁን ከባሕሩ ወቅት ጋር አገጣጥሙ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። እኔም አባክኛለሁ። የመጀመሪያ ጉዞዬን ለፋሲካ አድርጌው ነበር፣ ወደ ዛንዚባር። ሦስት ቀን ዝናብ። ባሕሩ ደፍርሶ እጄን እንኳ በቅጡ አላየሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት በዚያ ባሕር ዳር ትልቁ የዝናብ ወቅት ነው።

ለፋሲካ የሚሆነው ሲሸልስ ነው። ሚያዝያና ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንዱ የነፋስ ወቅት አልቆ ሌላው ገና ያልጀመረበት ጊዜ ስለሆነ ባሕሩ ይረጋል፣ ይጠራልም። ጥቅምትም እንዲሁ ነው። በአውሮፕላን 4 ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ከሦስት ቀን ባነሰ ዕረፍት አይመከርም። ማሄ ደሴት ላይ ብቻ ቆዩ። ፕራስሊንና ላዲግ በጣም ያምራሉ፣ ግን በጀልባ መመላለሱ አጭሯን ዕረፍት ይበላታል። ፖርት ሎኔይ እና ቤ ተርኔይ ለስኖርክሊንግ ደስ ይላሉ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 የባሕሩ ሙቀት ጨምሮ እዚያ ብዙ ኮራል (የባሕር ውስጥ ቋጥኝ የሚሠሩ ጥቃቅን እንስሳት) ነጥቶ ሞቷል። ቀለም ያሸበረቀ ኮራል እያሰባችሁ አትሂዱ። ግዙፍ የግራናይት ቋጥኞች በውኃ ውስጥ ቆመው፣ በመካከላቸው ዓሣ ሲተራመስ ታያላችሁ። ለእኔ እሱም ከበቂ በላይ ነው። ዋጋው ግን ከሁሉም ይወደዳል።

ለገናና ለጥምቀት ጂቡቲ። በረራው አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርኮች ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣሉ፤ አርታ ፕላዥ በሚባለው ዳርቻ አካባቢ ይታያሉ። ዌል ሻርክ በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ የሚበላው ግን ውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው። ወደዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ከሚኒባስ ታክሲ ብዙ የማያንስ ፍጥረት አፉን ከፍቶ በአጠገባችሁ ሲያልፍ ልብ ይቆማል። እሱን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፤ ማስክና ቱቦ ይበቃል። ስለዚህ የሰዓት ቆጠራው አያስጨንቃችሁም። ለአዲስ አበባ ሰው ከዚህ የተመቸ የባሕር ጉዞ አላውቅም። አትንኩት፣ ከፊቱም አትቁሙ። ሁለተኛውን ቀን ሙሻ ወይም ማስካሊ ደሴት ሂዱ፤ ሁለቱም ከጂቡቲ ከተማ በጀልባ ይደረሳሉ። በበጋቸው ግን፣ ማለትም እኛ ክረምት ስንሆን፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያኔ አትሂዱ።

ለአድዋ በዓል ኬንያ ወይም ዛንዚባር። የካቲት መጨረሻ ላይ ነፋሱ ከሰሜን ነው፣ ውኃው ይሞቃል፣ ትልቁ ዝናብም ገና አልደረሰም። ኬንያ ከሄዳችሁ ከሞምባሳ ወደ ደቡብ ዲያኒ እደሩና አንዱን ቀን ከሺሞኒ ተነሥታችሁ በጀልባ ወደ ኪሲቴ ምፑንጉቲ የባሕር ፓርክ ውጡ። ዶልፊን የማየት ዕድሉ ጥሩ ነው። ምሳውን ዋሲኒ ደሴት ላይ ያበሉዋችኋል። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ግን ባሕሩ ይናወጣል።

ለመስቀል ዛንዚባር። ሐምሌና ነሐሴም ይሆናል። የእኛ ክረምት የእነሱ ደረቅ ወቅት ነው። እዚህ ጃኬት ደርበን ጭቃ ስንዘል እዚያ ፀሐይ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ስለሚመጣ ምሥራቁ ዳርቻ ይናወጣል፤ ሰሜኑና ምዕራቡ ይሻላል።

ማፊያና ፔምባ ደሴቶች እንዴት ናቸው የሚለኝ ሰው አለ። ግሩም ናቸው። ግን በትንሽ አውሮፕላን መቀጠል ያስፈልጋል፣ ፔምባ ላይ ደግሞ ጅረቱ ኃይለኛ ነው። ለሳምንት ዕረፍትና ልምድ ላለው ሰው ተዉት።

4. ደሴቱን ከመረጣችሁ በኋላ ዳርቻውን ምረጡ

ዛንዚባርን በምሳሌ ልውሰድ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። ፓጄና ጃምቢያኒ ባሉበት በምሥራቁ ዳርቻ ውኃው ሲሸሽ ባሕሩ ርቆ ይሄዳል። የቀረው እርጥብ አሸዋና እሾኻሙ የባሕር ጃርት ነው። ለእግር ጉዞ ያምራል፤ መዋኘት ግን ቀርቷል። ኑንጉዊና ኬንድዋ፣ በሰሜን በኩል፣ ውኃው ቢሸሽም ይዋኝባቸዋል። አጭር ዕረፍት ላለው ሰው እነዚህ ይሻላሉ። ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የጨረቃዋን ቀንና የዚያን ሳምንት የባሕር ሙላት ሰዓት ከኢንተርኔት ተመልከቱ።

ከኑንጉዊ ወይም ከማተምዌ ጀልባ ይዛችሁ ወደ ምኔምባ ትሄዳላችሁ። ትንሿ ደሴት የግል ናት፤ የምትዋኙት ዙሪያዋ ባለው ሪፍ፣ ማለትም ኮራል በሠራው ቋጥኝ ላይ ነው። ዓሣው ብዙ ነው፣ ጀልባውም ብዙ ነው። በጠዋት ውጡ። ዶልፊን እያባረሩ ሰው የሚያዘልሉ ጀልባዎች አሉ። እንዲህ ዓይነቱን ጉዞ አትግዙ፤ እንስሳቱን ያስጨንቃል።

ለስኖርክሊንግ ብቻ ከሆነ ምርጫዬ ቹምቤ ነው። ከስቶን ታውን በስተ ደቡብ ያለች የተጠበቀች ደሴት ናት። ሲሊንደር ይዞ መጥለቅ አይፈቀድም፤ የሚገባው ሰው ቁጥርም የተወሰነ ነው። በዚህ ምክንያት ኮራሉ ደኅና ነው፤ ጸጥታውም ልዩ ነው። አስቀድማችሁ ቦታ ያዙ።

5. ወረቀቱ

በሞቀ ልብ ትኬት የገዛ ሰው በዚህ ይያዛል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከሁሉ ይቅደም። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ታንዛኒያም ሲሸልስም ከእኛ ይጠይቃሉ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። አንዴ ከተወሰደ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሲሸልስ ቪዛ አትጠይቅም፤ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው። ለኬንያ እኛ ቪዛ አያስፈልገንም። ለታንዛኒያና ለጂቡቲ ቪዛውን እዚሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ጨርሱ። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ወዲህ የውጭ ጎብኚ ሁሉ ከራሷ የመድን ድርጅት የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ 44 ዶላር ነው። ሕጎች ስለሚለዋወጡ ትኬት በምትገዙበት ሳምንት የየአገሩን የኢሚግሬሽን ገጽ ተመልከቱ።

ዶላሩን ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ከባንክ ጠይቁ። ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። ያረጀና የተቀደደ ኖት የማይቀበል ብዙ ነው፤ አዲስ አዲሱን ለምኑ።

ወባን አትርሱ። አዲስ አበባ ወባ የለም፤ ስለዚህ እኛ ቆላ ወርደን የሚጠብቀን ነገር የለንም። ለመከላከያው መድኃኒት ሐኪም ስትጠይቁ ዳይቪንግ እንደምታደርጉ ተናገሩ። ሜፍሎኩዊን የሚባለው ለጠላቂ አይመከርም።

6. ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ

የዳይቪንግ ማዕከሉን እነዚህን ጠይቁ። አንድ አስተማሪ ስንት ሰው ይዞ ይወርዳል? ጀልባው ላይ ኦክስጅን አለ? ቅርቡ የግፊት ሕክምና ክፍል (ያ አረፋ የሚታከምበት) የት ነው? መድኑስ እሱን ይሸፍናል? የመጨረሻው ጥለቃ ስንት ሰዓት ላይ ያልቃል? ከዚያ እናንተ ንገሯቸው፦ «የምመለሰው 2,300 ሜትር ላይ ወዳለ ከተማ ነው»። በደንብ የሚሠራ ማዕከል ወዲያው ይገባዋል፣ ቀኑንም ራሱ ያስተካክልላችኋል። የሚያጣጥለውን ተዉት።

ሰዓት ስትቀጣጠሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። ስዋሂሊ እንደ እኛ ነው የሚቆጥረው፤ ጀልባ ነጂው «ሳ ምቢሊ» ካለ የእኛው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ማዕከሉና ትኬቱ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይሠራሉ። ሲሸልስ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች።

7. እዚሁ ከተማ ተለማመዱ

ከጉዞው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። መሃል ከተማ ከሆናችሁ የሂልተን መዋኛ ቅርብ ነው፤ ከመሬት በሚወጣ ፍል ውኃ ስለሚሞላ ይሞቃል፤ ለጀማሪም አይከብድም። ልኩ ይህ ይሁን፦ ሳይቆሙ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ምንም ሳይዙ መንሳፈፍ። የዳይቪንግ ትምህርት ሲጀመር የሚጠየቀውም ይኸው ነው።

ማስኩን ከቻላችሁ የራሳችሁን ያዙ። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አድርጉና በአፍንጫ ወደ ውስጥ ሳቡ። ተጣብቆ ከቀረ ልካችሁ ነው። ጢም ያለው ሰው ትንሽ ውኃ ይገባበታል፤ እሱም ይለመዳል። በቱቦ መተንፈስን ሩጫ አታድርጉት። ቀስ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ። ለጆሮ ደግሞ አፍንጫን ይዞ ለስለስ አድርጎ መንፋት፤ እያንዳንዱን ሜትር ስትወርዱ፣ ከማመሙ በፊት። ሲሊንደር ይዛችሁ ስትወጡ ትንፋሽ መያዝ ፈጽሞ የለም።

8. ሻንጣ

እጅጌ ረጅም የዋና ልብስ፣ ለባሕር ጃርት የሚሆን የጎማ ጫማ፣ ኮፍያ፣ ብዙ ውኃ። በፌስታል የታሸገ ነገር አትያዙ፤ እ.ኤ.አ. ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክለዋል። የሚጾም ሰው አይጨነቅ፤ ዛንዚባር ላይ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄና ሩዝ ሞልቷል። ረመዳን ከሆነ ግን ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ነው። ዛጎልና ኮራል ይዛችሁ አትመለሱ።

9. ከተመለሳችሁ በኋላ

የመጀመሪያውን ቀን ራሳችሁን አዳምጡ። ትከሻ ወይም ጉልበት ላይ ምክንያት የሌለው ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር፣ ከልክ ያለፈ ድካም ካያችሁ «የጉዞ ድካም ነው» ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም ቤት ሂዱና መጀመሪያ የምትናገሩት ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ «ዳይቪንግ አድርጌ ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቅሁት በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ያህል ሜትር ነው።» ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጥልቀቱን ከውኃው እንደወጣችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት።